ላምባ የሚጠጣው የበረዶ ሳጥን

ባለፈው ሰሞን ጤና ጣቢያ ደም ሲቀዱኝ «የት ነው የምታስቀምጡት?» ብዬ ብጠይቅ ነርሷ ሳቀች። አንቺም የልጅ ልጄ ሳቅሽ። «እማማ፣ ደግሞ ለደሙ ማደሪያ ይጨነቃሉ?» አለችኝ። እኔ የምሬን ነው የጠየቅኋት። ቤት ከገባን ወዲህ «ምን አስበሽ ነው ዝም ያልሽው?» እያልሽ ነዘነዝሽኝ። በይ እንግዲህ ወረቀትሽን አምጪና ጻፊው። እኔ እንደመጣልኝ አወራለሁ፣ አንቺ እንደሚሆን አርጊው። የሰው ስም ግን አልጠራም። የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ ያሉትንም ተያቸው።

በደርግ ጊዜ ነው፣ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን። የምንኖረው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ስር ነው፣ ከገብስ በቀር ሌላ የማይወጣበት ብርዳም አገር። ዝናቡ ቀረ። በዓመቱም ቀረ። መጀመሪያ በጎቹ ሄዱ፣ ቀጥሎ በሬው፣ ከዚያ የቤቱ እንጨት ሳይቀር ተነቅሎ ገበያ ወረደ። ያን ጊዜ የነበረው ባሌ፣ የናትሽ አባት ሳይሆን የፊተኛው፣ «ታች ስንዴ ይታደላል አሉ» ብሎ ስልቻውን ይዞ ወረደ። እዚያው አፈሱት። ሰፈራ ነው፣ መሬቱ ጥቁር ነው፣ ውሃው ሞልቷል እያሉ ጭነው ወሰዱት። አንድ ጎረቤታችን ነው ባዶውን ስልቻ ያመጣልኝ። «ሲጭኑት ወረወረልኝ፤ ለሷ ስጥልኝ አለ» አለኝ። ሌላ ቃል የለም። ሞተ የሚልም አልመጣ፣ አለ የሚልም አልመጣ።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ። አራት ዓመት ሊሆናት ነው። ይቺ ልጅ አስመሳይ ነበረች። የደብራችን ቄስ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉበት ሳል ነበራቸው፤ እሱን ልክ እንደሳቸው አድርጋ ስትስል ሰው ሁሉ ይንከተከታል። እሳቸው ራሳቸው አንድ ቀን ሰምተው ስቀዋል።

በርሃቡ ሰው ሁሉ ሲከሳ እሷ ወፈረች። እኔማ ደስ ብሎኝ! ጉንጯ ሞላ፣ እግሯ ሞላ። ጎረቤቶቼ «ያንቺ ልጅ ምን እየበላች ነው?» ይሉኛል፣ የደበቅሁት እህል ያለ እየመሰላቸው። ቆይቶ ግን ፀጉሯ እንደ በቆሎ ጢም ቀላ። ስደባብሳት እጄ ላይ ይቀራል። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር። ሳሏም ቀልዷም ቀረ፤ ያስቀመጥኳት ቦታ ተቀምጣ ትውላለች። ያን ጊዜ በአንቀልባ አዝዬ ከላሊበላ በታች የተተከለው መጠለያ ወረድሁ።

በሩ ላይ ልጅ የሚመርጥ ሰው አቁመዋል። የከሳውን ያስገባል፣ ደህና የመሰለውን ይመልሳል። ልጄን አየና «ይቺማ ወፍራለች፣ አለፍ በይ» አለኝ።

«ጌታዬ፣ አብጣ ነው።»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። አለፍ በይ፣ መንገድ አትዝጊ።»

ከአጥሩ ውጪ ተቀመጥን። ወዴት ልሂድ? እንዲህ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ቀጭን ፈረንጅ፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት፣ ስታልፍ ቆም አለች። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ የልጄን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ስታነሳው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፣ ሊጥ የነኩ ይመስል። አልሞላም። ወደዚያ ሰውዬ ዞራ የተናገረችው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እሱ ግን መሬት መሬት አየ። ልጄን ራሷ ተሸክማ አስገባቻት። ሐኪም ናት።

አብሯት የሚሠራ ድሬሰር ነበረ፣ የደሴ ሰው፣ አፈኛ። እኛ እሱንም ሐኪም ነበር የምንለው። የሷን ቋንቋ ለኛ የኛን ለሷ የሚነግር እሱ ነው። አንድ ቀን ያበጡ ልጆች ያሉንን እናቶች ሰበሰበና «ከልጆቻችሁ ጥቂት ጥቂት ደም ልንቀዳ ነው» አለን።

ጫጫታ ሆነ። አንዷ ተነሥታ «አንተ የደሴ ሰው፣ ከድንጋይ ውሃ ልትቀዳ ነው? የትኛው ደማቸው ቀርቶ?» አለችው።

«ይህችን ታህል ናት፣ እቴ» አለ፣ የትንሽ ጣቱን ጫፍ እያሳየ።

«ፈረንጆች ይጠጡታል ሲሉ ሰምተናል!»

«ቢጠጡማ የናንተን ምን ሊያደርጉት? የካድሬዎቹን ነበር የሚቀዱት፤ ወዝ ያላቸው እነሱ ናቸው» አለና ወዲያው ደንግጦ ዙሪያውን አየ። እኛም ደንግጠን ሳቅን። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ ያስወስዳል።

እኔ «ለምንድነው ደሙን የምትፈልገው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሟን አናገራት። ብዙ አወራችው። እሱ ራሱን አከከ አከከና «አንቺ እናት፣ ቅቤ ሲቆይ ምን ይሆናል?» አለኝ።

«ይሻግታል።»

«ምን ያሻግተዋል?»

«ንፋስ ነዋ። ሙቀት።»

«ይኸውልሽ፣ ሰው ሰውነት ውስጥም ስብ አለ። ንፋሱ እንዳያሻግተው የሚጠብቅ ነገርም አለ፤ ከምግብ ነው የሚመጣ። እነዚህ የሚያብጡት ልጆች ያ ጠባቂ አልቆባቸው ከውስጥ እየሻገቱ ይሆናል ነው የምትለው። እርግጠኛ አይደለችም። ደማቸውን አይታ ልታውቀው ነው። ካወቀችው ላበጠ ልጅ ምን መስጠት እንዳለባት ታውቃለች።»

«ታዲያ ቀድታ እዚሁ አታየውም?»

«ማያው መኪና፣ ደም የሚመረምረው፣ እዚህ የለም። አገሯ ነው ያለው። አውሮፕላን መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ደሙ በረዶ ሆኖ መቆየት አለበት። ከቀለጠ ብልቃጡ ውስጥ ራሱ ይሻግታል። ያን ጊዜ ሽጋታው የልጅሽ ይሁን የብልቃጡ ማን ይለየዋል?»

ይሄ ገባኝ። ቅቤ ሳነጥር ያደግሁ ሰው ነኝ። ግን ሌላ ነገር አስጨነቀኝ። «የኔ ልጅ የትኛው እንደሆነ በምን አውቀዋለሁ?» አልሁት።

«ቁጥር ይጻፍበታል።»

«እኔ ቁጥር አላውቅም።»

ልጄ አንገት ላይ የክርስትናዋ ቀን የታሰረላት ሰማያዊ ማተብ ነበር። ከሱ አንዲት ክር መዘዝሁና «ይቺን ብልቃጡ አንገት ላይ እሰርልኝ» አልሁ። ሳቀ። ሐኪሟ ምንድነው ብላ ጠየቀችው፤ ሲነግራት አልሳቀችም። ክሯን ተቀብላኝ በገዛ እጇ አሰረችው። ይህን ያዩት እናቶች «በማተብ ከታሰረማ የማን ክርስቲያን እንደሆነ ይታወቃል፤ የኛም ይቀዳ» አሉ። ሁሉም ከየልጁ ማተብ ክር እየመዘዘ መጣ። ጥቁር አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ከእድሜ ብዛት ቀለሙ የጠፋ አለ። ድሬሰሩ «ኧረ ይሄ የደም ቤት ነው ወይስ የሸማኔ ቤት?» እያለ አሰረ።

ደሙን ከቀዱ በኋላ በእጅ የምትሾር ዕቃ ውስጥ ይከቱታል። ድሬሰሩ ያሾራታል ያሾራታል፣ ላቡ እስኪንቆረቆር። ሲያወጣው ቀዩ ታች ይቀራል፣ ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ ይጠራል፣ ልክ የተነጠረ ቅቤ ሲሰክን። ያን ቢጫውን ነው ወደ ብልቃጧ የሚገለብጠው፣ የሚቀመጠውም እሱ ነው። የልጄ ከሌሎቹ ጠቆር ያለ መሰለኝ። ወይ ዐይኔ ነው።

ብልቃጦቹ የሚገቡበት የበረዶ ሳጥን ነገር ደግሞ ጉድ ነው። ነጭ ሳጥን ነው፣ ቁመቱ ደረቴ ድረስ። ከስሩ የላምባ መብራት አለው፣ ክር ያለው። እሳቱ ከታች ይነዳል፣ ከላይ በረዶ ይጋገራል። እሳት እንዴት በረዶ ያወጣል ብዬ ብጠይቅ ድሬሰሩ «እኔም አልገባኝም፤ ግን ካልነደደ አይበርድም» አለኝ። እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ ከጨሰ ክሩ ይቆረጣል። በሩ ያለ ነገር አይከፈትም። እኔ ከልጄ ጋር እዚያው ስለምውል ላምባ መሙላቱንና ክር መቁረጡን ለኔ ሰጡኝ፤ በዚያ ላይ ትንሽ ዘይትና ስንዴ ያስሰፍሩልኝ ነበር።

ልጄ ወተቱን መጠጣት ያዘች። እብጠቷ ጎደለ። ጉንጯ ሲወርድ ትክክለኛው ፊቷ ወጣ፣ አሮጊት ይመስላል፣ ግን የሷ ነው። ሐኪሟ እግሯን እየጫነች ፈገግ ትላለች። አንድ ጠዋት አቅፌያት እያለሁ ሳል አደረገች። እህህ ብላ፣ ደግማ እህህ። ቄሱን እያስመሰለች መስሎኝ «ኧረ አባ መጡ!» ብዬ ሳቅሁ። ድንኳን ውስጥ ያሉትን ሴቶች «ልጄ ቀልዷ ተመለሰ» አልኋቸው። ቀልድ አልነበረም። ሳምባዋ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወተቷን በኩባያ ይዤ ስመለስ ዐይኗ ተከፍቶ ነበር፤ ጠራኋት፣ አላየችኝም።

እኛ አገር ሰው ሲሞት ተለቅሶለት፣ ፍትሐት ተፈትቶለት፣ ከወገኖቹ ጎን ነው የሚያርፍ። እዚያ ደረት የሚመታ ጉልበት ያለው ሰው የለም። ዕንባም የለ። ሐኪሟ ነጭ ጨርቅ ሰጠችኝ፣ በሱ ገነዝኋት። ቆፋሪዎቹ የዕለቱን ሬሳ ሁሉ ባንድ ጉድጓድ ነው የሚያኖሩ፤ የመጠለያው ቄስም ለሁሉም ባንድ ላይ ነው የሚፈቱ። የኔ ልጅ ከማን ጎን እንደተኛች አላውቅም። አፈሩ ሲመለስ የትኛው ጫፍ የሷ እንደሆነ እንኳ ጠፋኝ። ድንጋይ ላስቀምጥ ብዬ የት አስቀምጬ? ይዤው ቆሜ ቆሜ ጣልሁት።

ያን ዕለት ነው ብልቃጧ ትዝ ያለችኝ። ድሬሰሩን «ሐኪም፣ የልጄን ብልቃጥ ስጠኝ። አገሬ ወስጄ ከናቴ መቃብር እግር ስር ልቅበረው። ሌላ የቀረኝ የሷ ነገር የለም» አልሁት።

ሄዶ ሐኪሟን ጠራት። መጥታ መሬት ላይ ከኔ ጋር ተቀመጠች።

«ያንቺ ነው ትላለች» አለ። «አሁን ስጪኝ ካልሽ አሁን ትወስጂዋለሽ።»

«አይታው መልሳ ታመጣልኛለች ወይ?»

ጠየቃት። የለም ስትል ራሷን ነቀነቀች።

«ማያው መኪና ይጨርሰዋል። አልዋሽሽም ትላለች።»

ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር ይሆን? አላውቅም። «ይቆይ፣ አውሮፕላኑ እስኪመጣ ልምከርበት» አልኋት። እጄን ይዛ ቆየች።

ከዚያ ወዲህ መጠለያው ውስጥ የያዘኝ ያ ሳጥን ነው። ሌሎች ልጅ የሞተባቸው ይሄዳሉ፣ እኔ ላምባ እሞላለሁ። እሳቱ ቢጫ ሲል ክሩን እቆርጣለሁ፣ ሰማያዊ ሲሆንልኝ እቀመጣለሁ። ሳጥኑን አልከፍተውም። ጀርባዬን ደገፍ አደርገዋለሁ። ድሬሰሩ አይቶኝ «አንቺ እናት፣ ከፍሪጅ ጋር ተጋባሽ እንዴ?» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ራሱም አልሳቀ።

ልስጥ፣ አልስጥ ስል ሰነበትሁ። አንዴ፣ ከአገሬ ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ስር ትንሽ ጉድጓድ ይታየኛል፤ ይህችን ካልቀበርሁማ ምን እናት ነኝ እላለሁ። ሌላ ጊዜ ያች ሐኪም እግር ስትጭን ትታየኛለች። እንዲህ ሳለሁ አንዲት ከብልባላ በኩል የመጣች እናት ሴት ልጇን አዝላ ገባች። ልጅቷ ጉንጯ ሞልቷል፣ ፀጉሯ ቀልቷል። እናትዮዋ «የኔይቱ እንኳ ደህና ናት፣ ወፍራለች፣ አይደል?» አለችኝ። እኔን ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ተነሥቼ ወደ ድሬሰሩ ሄድሁና «ይሂድ። የልጄም ይሂድ። ትየውና ትወቀው» አልሁት።

ልክ ይህን ባልሁ ሰሞን ነው መንገዱ የተዘጋው። ጦርነቱ ቀረበ። ጫካ ያሉት እዚህ ደረሱ፣ ወታደሩ እዚያ ሰፈረ ይባላል። ሐኪሟ ላምባና በረዶ ላመጣ ብላ ወጥታ ነበር፤ በዚያው ቀረች። አውሮፕላንም የለ። የላምባችንን በርሜል ስናጋድለው ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጥ።

ድሬሰሩ ካድሬው ዘንድ ሂጂ አለኝ። እሱ ቢሄድ ፖለቲካ ይሆናል፣ እኔ ግን ያው ደሃ ነኝ። ከጽሕፈት ቤታቸው ጀርባ የላምባ በርሜል ተደርድሮ ይታያል።

«ጓድ፣ ለበረዶው ሳጥን ላምባ ስጡን።»

«ለምኑ?»

«ለማቀዝቀዣው። እሳቱ እንዳይጠፋ።»

«በእሳት ልታቀዘቅዢ?» ጎኑ ወዳለው ሰው ዞሮ ሳቀ። «ሴትዮ፣ ጠላ ከየት አግኝተሽ ነው በዚህ ዘመን?»

«የልጆች ደም ነው ጓድ። በረዶ ሆኖ ካልቆየ ይበላሻል። የኔም ልጅ አለችበት።»

«አለች? የት ናት?»

«ሞታለች።»

ሳቁን ተወ። ግን «ላምባው ለግንባር ነው» አለ። «ለሙት ደም የሚቃጠል ላምባ የለኝም። ሂጂ፤ ብዙ ከቆምሽ ለሰፈራ ትጻፊያለሽ።» ባሌን የወሰደችው ያች ቃል ናት። ሄድሁ።

በማግስቱ ጠዋት እሳቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ድሬሰሩና እኔ ሳጥኑ ፊት ቆምን። ከበሩ ስር ጠብታ ሲወርድ አየሁ።

«ይምርሐነ ክርስቶስ እንውሰደው» አልሁት።

«ምን?»

«ዋሻው ብርድ ነው። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ የተኙት ሙታን እንኳ አይበሰብሱም።»

«እነሱ ደርቀው ነው እንጂ በርዷቸው አይደለም፣ እቴ።»

«አይተሃቸዋል?»

«አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ። ፀጉራቸው አለ። ቆዳቸው አለ። ስንት ዘመናቸው ነው? ላምባ ማን ሞላላቸው?»

የተማረ ሰው ነው፣ እንደማይሆን ያውቃል፤ ግን ቆሞ የሚንጠባጠበውን ከማየት ሌላ እሱም የሚያደርገው አልነበረው። ቆየና በሩን ከፈተው። ከግድግዳው የተጋገረውን በረዶ በቢላዋ ፈልቅቆ፣ ብልቃጦቹን ከበረዶው ጋር በጨርቅ ጠቀለለልኝ። እኔ ያን የልጄን አንቀልባ ጭድ ጎዘጎዝሁበትና አዘልሁት። እሱ የቀሩትን ሕመምተኞች ጥሎ መሄድ አይችልም። «ፍጠኚ» ብቻ አለኝ።

መንገዱን ታውቂዋለሽ። ዛሬ መኪና ይሄድበታል። ያን ጊዜ አቀበቱን በእግር ነው፣ ጉልበት በሌለው ሰው እግር። ስንዴ ቆሎ አፌ ውስጥ ይዤ ነበር፣ ማኘክ እንኳ ረሳሁት። ጀርባዬ በረደኝ። ደስ አለኝ፣ በረዶው አለ ማለት ነው ብዬ። ከዚያ ቅዝቃዜው ወደ ወገቤ ወረደ፣ ቀሚሴን አራሰው፣ ተረከዜ ላይ ተንጠባጠበ። ልጄ ሕፃን ሳለች ስትሸናብኝ እንዲያ ነበር። ለመቆም ፈራሁ። ቆሜ ካየሁ የማየውን አውቀዋለሁ። የጽዱ ጫካ ዘንድ ስደርስ ግን አወረድሁና ፈታሁት። በረዶው የለም። የልጄን ብልቃጥ ዘንበል አደረግኋት፤ ቢጫው ውሃ ወዲያ ወዲህ አለ።

ልመለስ? ወዴት? አዘልሁና ቀጠልሁ። ዋሻው ብርድ ነው፣ እንደገና ያጸናዋል እያልሁ ነው። እንዲያ ብዬ ካልተናገርሁ እግሬ አይሄድም ነበር።

ዋሻው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠው ነበር። ተሳለምሁ።

«ምን አዝለሽ ነው ልጄ? ሕፃን ታሟል?»

«አባ፣ የሕፃናት ደም ነው። ቅዝቃዜው ውስጥ ያስቀምጡልኝ።»

ብድግ አሉ። «ደም? ደም እዚህ አይገባም! እንዴት ያለሽ ሰው ነሽ?»

«ደሙ አይደለም አባ፣ ውሃው ነው። ቀዩ እዚያ ቀርቷል። በረዶ ሆኖ ካልቆየ ከሞት የሚያድነው ነገር አይገኝም።» ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ላምባውን፣ ካድሬውን፣ መንገዱን፣ እንደቀለጠብኝ። እየተናገርሁ ፈታሁትና ድንጋይ ላይ ዘረጋሁት።

አባ ጎንበስ ብለው አዩት። ክሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«ማተብ ነው?»

«የየራሳቸው ነው አባ።»

«ከነዚህ ስንቱ በሕይወት አለ?»

«ጥቂቱ።»

ቁጭ አሉ። ከዚያ «እንግዲህ ልጄ፣ ከቀለጠ ቀልጧል። ዋሻው ይበርዳል እንጂ ውሃ አያጸናም፤ የኛው የመጠጥ ውሃ ከነጋ እስከ መሸ ውሃ ነው» አሉኝ። «እሱን ልጠብቅልሽ አልችልም። የሞቱትን ግን ላሳርፍልሽ እችላለሁ። የሞቱትን ለዪልኝ።»

ለየሁ፤ ሬሳቸው ሲወጣ ያየኋቸውን፣ እናታቸው አጠገቤ የነበረችውን። አባ የክርስትና ስም ጠየቁኝ። የልጄን ነገርኋቸው። ቀጣዩን አነሡና «የዚህስ?» አሉ። አላውቀውም። ክሩን እንጂ ስሙን አላውቅም። እንደገና የልጄን ስም ነገርኋቸው። አልተቆጡም። የወንዱንም የሴቱንም፣ ለሁሉም በሷ ስም ፈቱላቸው። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ፣ የጥንቶቹ ሙታን ከተኙበት ጫፍ፣ አፈሩን በእጃቸው ምሰው አኖሯቸው። እኔ ያን ጊዜ ነው የጮኽሁ። ልጄ ከሞተች ጀምሮ ያልወጣኝ ልቅሶ እዚያ ወጣ። ዋሻው መልሶ አስተጋባው፤ ብዙ ሴት አብራኝ የምታለቅስ መሰለኝ።

የቀሩትን፣ በሕይወት ያሉትን ልጆች ብልቃጥ ይዤ ወረድሁ። እነሱ ለምን ይቀበራሉ?

ሐኪሟ በማግስቱ ደረሰች። ላምባ ይዛ፣ በረዶ በሳጥን ይዛ፣ ወታደር ለምና ነው ያለፈችው። ፊቷ አቧራ ሆኗል። ድሬሰሩ ሲነግራት እዚያው የቆመችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። እሱ በኛ ቋንቋ «በሩን ባንከፍተው ኖሮ እስከ ዛሬ ይቆይ ነበር፣ ምን ነካኝ» እያለ ራሱን ይመታል። ምን እንደሚል ገብቷት ይሆን፣ እጁን ያዘችው። ያመጣኋቸውን ብልቃጦች ወደ ብርሃን አነሣቻቸውና መልሳ አስቀመጠቻቸው። እንደማይሆኑ አወቅሁ።

ከዚያ ወደኔ መጣች። ጥቂት ጥቂት አማርኛ ለምዳ ነበር፣ የሕፃን አማርኛ። «እዚያ ቀዝቃዛ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኋት። «ቀዝቃዛ ነው።»

«ጥሩ» አለች። ማልቀሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ላምባውን ሞላሁ። እሳቱን ለኮስሁ፣ ሰማያዊ እስኪሆን ጠበቅሁ። እንደገና ከዜሮ ልትጀምር ነው። ያች የብልባላዋ እናት ልጇን ታቅፋ መጥታ «አንቺ ምን ትያለሽ፣ ላስቀዳ?» አለችኝ። የልጄን ነገር ሰምታለች። አስቀጂ ብዬ የሷም ቢቀልጥ? አታስቀጂ ብዬ የሰው ልጅ ሁሉ አብጦ ቢሞት? እሷ ግን ፊቴን አየችና ከልጇ ማተብ ክር መዘዘች። እኔ የልጅቷን ክንድ ያዝሁላት። ትኩስ ነበር። መርፌው ሲገባ ልጅቷ አለቀሰች፣ በደንብ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየን። ጦሩ ሲመጣ መጠለያው ተበተነ። ሐኪሟን በአውሮፕላን ወሰዷት፤ የበረዶ ሳጥኗን ታቅፋ ስትገባ ያየ አለ፣ ባዶ እጇን ነው የሄደች የሚልም አለ። እኔ አላየሁም፣ ወደ አገሬ አቀበቱን ጀምሬ ነበር። ዝናብ መጣ፣ ገብስ ዘራን። የናትሽን አባት አገባሁ፣ እናትሽ ተወለደች። እሷን ጡት እያጠባሁ እግሯን በአውራ ጣቴ እጫን ነበር፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ለማየት። ሰው ይስቅብኝ ነበር።

አንቺ ተምረሻል። ያ ነገር ታወቀ ይሆን? ልጆቹ ከስተው ሳለ ለምን እንደሚያብጡ፣ እውነት ከውስጥ እየሻገቱ ከሆነ፣ ደርሰውበታል? መጽሐፍሽ ውስጥ ካለ ፈልጊና ንገሪኝ። ከሌለም ንገሪኝ።